ከሰመጠ መርከብ የወጣ የብር ገንዘብ፣ ዲቴክተርና የጅማ ቀይ አፈር

የሒርማታው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በፍሎሪዳ የሚኖሩት አጎቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እየወረዱ በብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ዲቴክተር) አሸዋ ይፈትሻሉ። የሚመላለሱበት ዳርቻ በሴባስቲያንና በፎርት ፒርስ መካከል ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1715 በዚያ የሰመጡት የስፔን መርከቦች ጭነው የነበረው ገንዘብ እስከ ዛሬ ድረስ እንደሚገኝ ደጋግመው አጫውተውኛል። ጅማ መጥተው በሰነበቱበት ጊዜ የቀድሞ ዲቴክተራቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄደዋል፤ አብረውም ከዚያው ዳርቻ ያነሡትን አንድ ጥቁር የብር ቁራጭ ሰጥተውኛል።

ቁራጩ ክብ አይደለም። አንደኛው ጎኑ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሏል፤ ውፍረቱም ወጥ አይደለም። በአንደኛው ገጹ ላይ ጫፎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ መስቀል በደብዛዛው ይታያል፤ በሌላው ገጹ ግን የጋሻ ጥግ ከሚመስል መስመር በቀር ፊደልም ሆነ ቁጥር ማንበብ አልቻልኩም። መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ በጠርዙ በኩል ግራጫ ቅርፊት ይዟል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ሦስት መቶ ዓመት ባሕር ውስጥ የኖረ ብር እንዴት ሆኖ ነው ሰው እግር ሥር የሚገኘው? አጎቴ «ማዕበል ባለፈ ማግስት ውረድ» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ እኔም ከባሕር ርቄ ያደግሁ በመሆኔ ነገሩ በዓይነ ሕሊናዬ ሊመጣልኝ አልቻለም። ደግሞስ ይህ ቁራጭ እውነተኛ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ላጽዳው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዲቴክተሩ ነው። አያቴ ከሒርማታ ገበያ በላይ ባለው ይዞታችን ውስጥ ጠገራ ብር በእንስራ ተቀብሮ እንደ ቀረ ከአባታቸው ሰምተዋል። ለአሸዋ የተሠራ መሣሪያ በእኛ ቀይ አፈር ላይ ያገለግላል? ብንፈትሽስ ሕጉ ይፈቅድልናል? በጉዳዩ ላይ እውቀት ያላችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከአትላንቲክ ዳር

ወንድሜ፣ እኔም ከዚያ ዳርቻ ብዙ ሳልርቅ የምኖርና በትርፍ ጊዜዬ ይህንኑ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ።

መርከቦቹ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1715 ከሃቫና ሲነሡ አሥራ አንዱ የስፔን ነበሩ፤ ግሪፎን የምትባል አንዲት የፈረንሳይ መርከብም አብራቸው ተጉዛለች። በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የተመታውን የበርካታ ዓመት ብርና ወርቅ ወደ ስፔን ይዘው ሲጓዙ፣ ከጁላይ 30 ለ31 አጥቢያ የተነሣው አውሎ ነፋስ አሥራ አንዱንም የስፔን መርከቦች ወደ ፍሎሪዳ ዳርቻ እየገፋ ከውኃው በታች ካለው ድንጋያማ ደረት ጋር አላተማቸው። አዛዡን ሁዋን ኢስቴባን ዴ ኡቢያን ጨምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። የተረፈችው ግሪፎን ብቻ ናት። ስፔኖች ራሳቸው ወዲያው በዳርቻው ሰፍረው ለዓመታት ያህል ጠላቂ እያስገቡ ብዙውን ሀብት አውጥተዋል፤ ዛሬ የሚገኘው ከእነርሱ የተረፈው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር መርከቦቹ የተሰበሩት በጥልቅ ባሕር ሳይሆን ከዳርቻው ሆኖ ሊታይ በሚችል ርቀት ላይ መሆኑ ነው። ሣጥኖቹ ተሰባብረው ገንዘቡ ተበተነ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአሸዋውና የማዕበሉ ነው። የአሸዋ ጥግግት (ከእኩል መጠን ውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 2.65 ያህል ሲሆን የዚህ ብር 10.3 ገደማ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ አሸዋውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ብሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሰፌድ ላይ ጤፍና ጠጠር ሲበጠር ጠጠሩ ወደ ታች እንደሚቀር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ጠንካራ የሸክላ ወይም የዛጎል ንጣፍ ያገኝና እዚያው ያርፋል። በበጋ ወራት ይህ ንጣፍ ከሰው ቁመት በማያንስ አሸዋ ሊሸፈን ይችላል፤ የትኛውም የእጅ ዲቴክተር አይደርስበትም።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ ወይም አውሎ ነፋስ በሚመጣበት ጊዜ ግን ማዕበሉ የዳርቻውን አሸዋ ገምሶ ወደ ባሕሩ ይወስደዋል። አንዳንድ ሌሊት አሸዋው ከወገብ በላይ በሚሆን ግድግዳ መልክ ተቆርጦ ይታደራል። ያን ጊዜ የታችኛው ንጣፍ ለእጅ ቅርብ ይሆናል። እንግዲህ ባሕሩ ገንዘቡን ከሩቅ አምጥቶ ጣለው ከማለት ይልቅ፣ ላዩ ላይ የነበረውን ገፈፈለት ማለቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ምንም እንኳ በማዕበል ጉልበት ወደ ዳር የሚንከባለልም ባይጠፋ። ጥቂት ቀናት ካለፉ የተረጋጋው ባሕር አሸዋውን መልሶ ያለብሰዋል፤ አጎትዎ ማግስቱን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ገንዘቡን ሳይሆን ከባድ ነገሮች የተከማቹበትን ስፍራ ነው፤ ጥቁር አሸዋ፣ የዓሣ አጥማጆች እርሳስ፣ የነሐስ ሚስማር በአንድ መስመር ላይ ከተገኙ ብሩም በዚያው መስመር ላይ ሊኖር ይችላል። ለዳርቻው እንክብካቤ ሲባል ከሌላ ቦታ የመጣ አሸዋ የተደፋበት ስፍራ ላይ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

የመርከቡ ጥልቀት ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌ ልጨምር። ጆን ባሪ የምትባለው የአሜሪካ ጭነት መርከብ በፊላደልፊያ የተመታ ሦስት ሚሊዮን የሳዑዲ ሪያል ብር ይዛ ስትጓዝ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1944 ከኦማን ዳርቻ ወዲያ በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። ያረፈችው ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ላይ ነው። የኦማንን ዳርቻ ዕድሜ ልኩን በዲቴክተር የሚፈትሽ ሰው ከእርሷ አንድ ሪያል አያገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ሪያል የወጣው በልዩ የቁፋሮ መርከብ ነው።

በፍሎሪዳ በኩል ያለውን ሕግ በተመለከተ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ደረቅ ዳርቻ ላይ መፈተሽና ያገኙትን መያዝ የተለመደ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ግን የተለየ ነው፤ ስብርባሪዎቹ በፍርድ ቤት መብት ለተሰጠው ኩባንያ የተከለሉ ሲሆን፣ ግዛቱም ከሚወጣው እስከ 20 በመቶ ድረስ ድርሻ ይወስዳል። ኩባንያው ከእነዚሁ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 350 የወርቅ ገንዘብ፣ በ2025 ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ወርቅና ብር ማውጣቱን አስታውቋል። በአብዛኞቹ የግዛቱ ፓርኮችና በአሸዋ ኮረብታዎቹ ላይ መፈተሽ የተከለከለ ነው። አጎትዎ ያነሡት ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

የአንጥረኛ ልጅ

ስለ ቁራጩ እኔ ልናገር፤ ያደግሁት በአንጥረኛ ቤት ነው፣ ብርም በእጄ ያልነካሁበት ጊዜ የለም።

የገለጹት መልክ፣ ማለትም ጎኑ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑና ውፍረቱ ወጥ አለመሆኑ፣ ለእውነተኛነቱ የሚመሰክር እንጂ የሚያስጠረጥር አይደለም። በዚያ ዘመን በሜክሲኮ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ብሩ ቀልጦ በበትር መልክ ይፈስስ ነበር፤ ከበትሩ ላይ ቁራጭ ይቆረጥና ከሚገባው ክብደት የበለጠው በመቀስ እየተላገ ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ማኅተም መካከል ተደርጎ በመዶሻ ይመታል። ቅርጹ እንደ ወጣለት ነው፤ የሚጠበቅበት ክብደቱና የብሩ ጥራት ብቻ ነበር። ስምንት ሬያል የሚባለው ትልቁ 27 ግራም ገደማ ሲመዝን ጥራቱ ከሺህ 930 ያህል ነው። በአንድ በኩል የሚታየው መስቀል በአራቱ ማዕዘኑ አንበሳና ግንብ የያዘ ሲሆን፣ በሌላው በኩል ያለው ጋሻ የስፔን ንጉሥ የፌሊፔ አምስተኛ ነው። ከጋሻው ግራ በኩል ትንሽ «ኦ» ከ«ኤም» ላይ ተደርባ ብትታይዎት የሜክሲኮ ማተሚያ ምልክት ናት፤ ከሥሯ ያለችው ፊደል ደግሞ የብሩን ጥራት የመረመረው ሹም ነች።

ለቱሪስት የሚሸጡት ቅጂዎች በአብዛኛው በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። ጠርዛቸውን በጉልህ መነጽር ቢያዩት ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ይገኛል፤ ገጻቸውም ላይ አየር የፈጠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። በመዶሻ የተመታው ግን ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ማኅተሙም በአንድ በኩል ጠልቆ በሌላው በኩል ሳይነካ ይቀራል።

መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ብሩንም የማይጎዳ አንድ መፈተኛ አለ። የወርቅ ሚዛን ካለው ሰው ዘንድ ይሂዱ። መጀመሪያ ቁራጩን ደረቁን ይመዝኑት። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ቁራጩን በቀጭን ክር አስረው የብርጭቆውን ጎንም ሆነ ታች ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚጨምረውን ቁጥር ይጻፉ። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ቢያካፍሉት ጥግግቱን ያገኛሉ። ወደ 10 ከተጠጋ ብር ነው፤ 7 አካባቢ ከሆነ ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ፣ 9 አካባቢ ከሆነ መዳብ፣ ከ11 በላይ ከሆነ እርሳስ ነው። የባሕር ቅርፊት ቁጥሩን በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል።

ማጽዳቱን ግን አደራዎን ይተዉት። እኛ ዘንድ የጠቆረ ብር በሎሚና በአመድ እየታሸ ይነጣል፤ ይህ ለአንገት ሐብልና ለመስቀል ይሆናል፤ ከባሕር ለወጣ ብር ግን ጥፋት ነው። ጥቁሩ ነገር ላዩ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ ብሩ ከባሕሩ ሰልፈርና ክሎሪን ጋር ተዋሕዶ የተለወጠው ነው። መስቀሉም ጋሻውም ያሉት በዚያ በተለወጠው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ሲታሽ ሥዕሉ ከጥቁሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች በኤሌክትሪክ ጅረት ቀስ በቀስ ወደ ብርነት የሚመልሱበት ዘዴ አላቸው፤ እርሱ እስኪገኝ በደረቅ ስፍራ ከጎማና ከሱፍ አርቀው ያስቀምጡት፣ ሁለቱም ብርን ያጠቁራሉ።

አፈርና ድንጋይ

ስለ ዲቴክተሩ የጠየቁት እኔን ይመለከተኛል።

ሁሉም ዲቴክተር በአንድ መንገድ ይሠራል፤ ኮይሉ (ከታች ያለው የሽቦ ጥቅልል) ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ታች ይልካል፤ ብረታ ብረት ያንን ሲቀበል በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ መሣሪያው ከዚያ የሚመለሰውን ይሰማል። ችግሩ የሚመጣው መሬቱ ራሱ ሲመልስ ነው። በባሕር ዳር መልሶ የሚያስቸግረው ጨዋማ ውኃ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፤ በጅማ የሚያስቸግረው ግን የአፈሩ ብረት ነው። ቀዩ አፈራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የተገኘ በመሆኑ የብረት ኦክሳይድ ሞልቶታል፤ ቀለሙን የሰጠውም ይኸው ነው። ከእነዚህ ኦክሳይዶች መካከል መግነጢስነት ያላቸው አሉ፤ መሣሪያውን ያለ ምንም ብረት ያስጮኹታል፣ ወይም በተቃራኒው ከሥራቸው ያለውን ብር ይሸፍኑታል።

ስለዚህ መሣሪያዎ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የመስኩ የመለዋወጥ ፍጥነት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ በደረቅ አሸዋ ላይ መልካም ነው፤ በእኛ አፈር ላይ ግን የሚደርስበት ጥልቀት በእጅጉ ይቀንሳል። በበርካታ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው የተሻለ ነው። ፐልስ የሚባለው ዓይነት ጨውንም ቀይ አፈርንም ይችላል፤ ነገር ግን ብርን ከሚስማር አይለይም። ገበያ በኖረበት መሬት ላይ ይህ ቀላል እንከን አይደለም፤ ከሒርማታ አካባቢ ያለ መሬት ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የፈረስ ልጓም የተከማቸበት ስለሆነ በየእርምጃው ይጮኽብዎታል።

«ግራውንድ ባላንስ» የሚል ቁልፍ (የአፈሩን ድምፅ ማስተካከያ) ካለው፣ ብረት የሌለበት ንጹሕ መሬት ፈልገው ኮይሉን ከጉልበት እስከ መሬት ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ ወጥ እስኪሆን ያስተካክሉት። ከዚያ በራስዎ ግቢ አንድ ጠገራ ብር አንድ ስንዝር ያህል ቀብረው ይሞክሩት። የታወቀ ብር በታወቀ ጥልቀት ላይ ካልሰማ ሌላውን አይሰማም። በእንስራ ያለ ክምችት ግን ከአንድ ፍሬ ይልቅ ትልቅ ድምፅ ስለሚሰጥ ጠለቅ ብሎም ሊሰማ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ጣሊያኖች በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከጅማ ሲወጡ ጥይትና ቦምብ በየቦታው ቀርቷል። ዲቴክተር ቦምብን ከእንስራ ብር አይለይም። ትልቅ ድምፅ ሰምቶ በዶማ መምታት ሕይወት ያስከፍላል፤ ክብ ወይም ረዘም ያለ የዛገ ብረት ከታየ ሳይነኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ብቻ ነው።

የጅሬን ተመልካች

ሕጉን እኔ ላስረዳ፤ ከዚያ በፊት ግን የስፔኑን ገንዘብና ጠገራ ብሩን ስላጣመራችሁ ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር አለኝ።

የ1715ን ጉዳይ ወደ ብርሃን ያወጣው ኪፕ ዋግነር የሚባል የቤት ሥራ ተቋራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከጦርነት በተረፈ ርካሽ ዲቴክተር በዚያ ዳርቻ ገንዘብ ሲለቅም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ዓመተ ምሕረት ከሚነበብባቸው ገንዘቦች መካከል ከ1715 በኋላ የሆነ አንድም አልነበረም። ዳርቻው በሙሉ በዚያው ዓመት ላይ ይቆም ነበር። መርከቦቹ የት እንደ ተሰበሩ ለማግኘት መንገዱን ያሳየው ይህ ነው። የገንዘቡ የመጨረሻ ዓመት የጥፋቱን ዓመት ተናገረ ማለት ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ግን ይህን ሊነግረን አይችልም። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ በቪዬና ይሁን በሮም፣ በለንደን ይሁን በቦምባይ፣ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ነጋዴዎቻችን ሌላ ምስል አንቀበልም ስላሉ ማተሚያ ቤቶቹ ሊለውጡት አልደፈሩም። እንግዲህ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ባለው ጊዜ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሒርማታ ይወርድ በነበረበት ወቅት የተቀበረ እንስራም ሆነ ጣሊያን ሲገባ በድንጋጤ የተቀበረ እንስራ ሲከፈት የሚታየው ያው 1780 ነው። በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁና የንስሩን ጅራት ላባ እየቆጠሩ የትኛው ማተሚያ ቤት እንደ መታው የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ፤ የተቀበረበትን ዓመት ግን ከፊቱ ላይ የሚያነብ የለም።

ታዲያ ዘመኑን የሚናገረው ምንድን ነው? አብሮት ያለው ነው። በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የሚል የምኒልክ ብር አንድ ፍሬ ከውስጡ ቢገኝ፣ ክምችቱ ከዚያ በፊት አልተዘጋም ማለት ነው። የእንስራው አሠራር፣ ዙሪያው ያለው አመድ፣ ከበላዩ ያለው የአፈር ድርብርብ፣ በአጠገቡ የተገኘ የጥይት ቀለህ፤ ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። በዲቴክተር የሚፈልግ ሰው ድምፁን ተከትሎ በዶማ ሲወርድ የሚያፈርሰው እነዚህኑ ነው። በባሕር ዳር ያለው አሸዋ ለሦስት መቶ ዓመት ሲገለበጥ ስለኖረ በአንድ ፍሬ ገንዘብ ዙሪያ የሚፈርስ ድርብርብ እምብዛም የለውም። የእኛ አፈር ግን እንደ ተዘጋ ነው ያለው፤ አንድ ጊዜ ከተቆፈረ ደግሞ ሊነበብ አይችልም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣ ሲሆን፣ ከቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኙ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድን ይከለክላል። ይዞታው የራስዎ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በጅሬን ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዙሪያ ዲቴክተር ይዞ መዞር ደግሞ ከናካቴው የማይታሰብ ነው። በአንጻሩ፣ ለቤት ወይም ለመንገድ ሲቆፈር በአጋጣሚ ቅርስ የተገኘ እንደሆነ፣ ያገኘው ሰው ሳይነካካው ጠብቆ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ አዋጁ ያዛል፤ ላስረከበውም ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ሰው ሁሉ መከልከሉን ሰምቶ ሽልማቱን ስለማያውቅ ነው የተገኘው ብር በሌሊት ወደ ወርቅ ቤት የሚሄደውና የሚቀልጠው፤ ይህ ዘወትር ያንገበግበኛል።

የሒርማታው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ ተባለው ቁራጩን አንድ የማውቀው ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስጄ አስመዘንኩት። ደረቁን 19.6 ግራም ሆነ፤ በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ በ2.0 ጨመረ። ሳካፍለው 9.8 መጣልኝ። ጠርዙንም በጉልህ መነጽር አይተነዋል፤ የመጋጠሚያ መስመር የለውም፣ በሁለት ቦታ ግን ተሰንጥቋል። አጎቴም ያነሡት ከሕዝብ መግቢያ አጠገብ፣ በአዘቦት ቀን ማዕበሉ ከማይደርስበት ደረቅ አሸዋ መሆኑን በስልክ ነግረውኛል።

ዲቴክተሩን በይዞታችን ላይ ላለመጠቀም ወስኛለሁ፤ የጅሬን ተመልካች የጻፉት አሳምኖኛል፣ አያቴም ሲነበብላቸው ተስማምተዋል። ሆኖም ግን አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያው ይዞታ ላይ ከክረምቱ በኋላ ለሰርቪስ ቤት መሠረት ልናስቆፍር ነው፤ የግንባታ ፈቃዱም ወጥቷል። ሲቆፈር እንስራው ቢወጣ በትክክል ምን ማድረግ አለብን?

የአንጥረኛ ልጅ

9.8 ለብር የሚስማማ ነው፤ የጎደለው ቅርፊቱ ነው። ክብደቱም ይናገራል። አራት ሬያል የሚባለው አዲስ ሳለ እንኳ 13.5 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የእርስዎ 19.6 ከእርሱ ሊሆን አይችልም፤ ባሕሩ ከሩቡ በላይ የበላው ስምንት ሬያል ነው ብዬ አምናለሁ። አጎትዎ የዳርቻውን መግቢያ ስምና ያነሡበትን ቀን በእጃቸው ጽፈው ይላኩልዎት፤ በዳርቻ የተለቀመ ብር እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለው ከየት እንደ መጣ ኋላ የሚያስረዳለት የለም።

የጅሬን ተመልካች

ውሳኔዎን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለአያትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ለቆፋሪዎቹ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሸክላ ወይም አመድ ከታየ ዶማው ይቆማል፣ የቀን ሥራቸውም ሳይቀነስ ይከፈላቸዋል። ይህን አስቀድመው ካልተናገሩ የተገኘው ነገር እርስዎ ሳይሰሙ ሊወጣ ይችላል። እንስራው ከወጣ ባለበት ይተዉት፤ አፉንም አይክፈቱት፣ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ሲቀላቀል የትኛው መጨረሻ እንደ ገባ መለየት ይቀራልና። ከጎኑ ሜትር አስቀምጠው ከላይና ከጎን ፎቶ ያንሡት፤ ከመሬቱ ገጽ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከቤቱ ጥግም ስንት እርምጃ እንደሆነ ይጻፉ። ከዚያ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በቃል ብቻ እንዳይሆን፣ የማመልከቻውን ቅጂ ቀንና ማኅተም አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። ሽልማቱን የሚጠይቁትም በዚያው ወረቀት ነው።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ሸፍነው ዙሪያውን በአፈር ይድፈኑት፤ የጅማ ዝናብ ከክረምቱም በኋላ በድንገት ይመጣልና ውኃ እንዳይገባበት ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ያስቀድዱ። ቆፋሪዎቹ ሥራ እንዳይፈቱ መሠረቱን በሌላኛው ጥግ መቀጠል ይችላሉ።